ነፋስን በምን ላዝራው

ቢቸና ጫፍ ላይ፣ ከሽቦ አጥር ውስጥ፣
ሦስት የቆርቆሮ ጣሳ ቀን ከሌት ሲሮጥ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሞ የቆጠረ
እንዳላማው ጡረታ ወጣ፤ ደብተሩ ቀረ።

ሃያ ሦስት ደብተር፤ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣
ገሚሱን የጣራ ፍሳሽ ያራሰው።
ሥራዬ ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነበር፣
ገልብጬ ስጨርስም አንድ ነገር መመርመር፦
ያው ሰማይ፣ ያው ጮቄ፣ ያው የዓባይ ሸለቆ፤
አምና በዚህ የነጎደ ነፋስ ዘንድሮ የት ይቀራል ርቆ?

ከቁጥሩ ጎን ግን፣ በእርሳስ፣ ጠበብ ባለች ፊደል
(የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ይህን አይጠይቅም)፦

«ታኅሣሥ ዘጠኝ። ሰሜን ምሥራቅ። አምስት ኖት። ይርሳው አዘራ።»
«ታኅሣሥ አሥር። ጸጥታ። ይርሳው ላይዳውን ይዞ ተቀምጧል።»
«ታኅሣሥ አሥራ አንድ። ጸጥታ። ይርሳው ሰደበኝ።»

ሳቅሁ። ሌላ ገጽ ላይ ሳቄ ቆመ፦
«ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር። ምሥራቅ፣ እርጥብ።
ዝናብ። የይርሳው ክምር በላዩ በቀለ።
ዛሬ አልሰደበኝም።»

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ባሕሩን ነው።
ቢቸና ማንም ያላየው ያ ትልቁ ውኃ
በምድር ወዲያኛው ጉንጭ ላይ ሲያተኩሰው፣
እዚህ እኛ ዘንድ የነፋስ እግሩ ይዝላል፤
እዚያ ማዶ ቢታመም፣ እዚህ ማዶ ያስላል።

ከዚያ ሽቅብ ወጣሁ። ከደመናው ጣራ በላይ
ሌላ ነፋስ አለ ከታች የማይታይ፤
ምድርን በወገቧ እንደ መቀነት የታጠቀ፣
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ፊቱን የሚያዞር፣
ምሥራቅ ሰለቸኝ ብሎ ምዕራብን የናፈቀ።

እሱንም ጻፍሁት። ጮቄንም ጻፍሁት፣
ሌሊት ሲበርደው ቁልቁል የሚለቀውን ትንፋሽ።
ደመርሁ፣ ቀነስሁ፣ ደግሜ ደመርሁ፤
ሁሉ ተጠራቅሞ እኩሌታ አልሞላ።
የቀረው?
የቀረው ነፋስ ከገዛ ራሱ ጋር የገጠመው ሙግት ነው፤
ትላንት ዛሬን በትከሻው ገፍቶ የወለደው፣
ባሕር ያላዘዘው፣ ተራራ ያልዳኘው።

መምህራኖቼ ይህን ጫጫታ ይሉታል፤
«አራግፊና ፍሬውን ያዥ።»

ይርሳው እብቁን ከጤፉ ሲለይ ነፋስ አለው።
እኔ ነፋስን ራሱን አውድማ ላይ ከምሬ
እብቁን ከፍሬው ልለይ ላይዳ ባነሣ፣
በምን ነፋስ ላዝራው?

በታኅሣሥ ሄድሁ። አያ ይርሳው አርጅቷል፤
ምርቱ ፊት፣ ላይዳውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።
«የእንዳላማው ደብተር ምን አለ?» አለኝ።
ነገርሁት፤ ባሕሩን፣ የላይኛውን መቀነት፣ ጮቄን፣
ከግማሽ የሚበልጠውን ደግሞ አለማወቄን።

ጥቂት ዝም አለና፦
«ግማሹ ጋ ከተጠጋሽማ
እኔ በሬዬን ከማውቀው ይልቅ አውቀሽዋል።
ቦራ ስንት ዘመን አርሶልኝ፣ ትልሙን እያወቀ፣
አንዳንድ ቀን እንዲያው ይቆማል። ምን ሆንህ ትይዋለሽ?
እና የቆመበትን ቀን...»

አልጨረሰውም። ዋንዛው ቅጠሉን ገለበጠ፤
ከሽማግሌው ጉልበት ቀድሞ ላይዳው ተነሣ።
ጤፉ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ እብቁ ወደ እኔ መጣ፣
ዓይኔ ውስጥ፣ ጸጉሬ ውስጥ፣ ደብተሬ ውስጥ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ገለጥሁት።
«ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ። ሰሜን ምሥራቅ። ስድስት ኖት። ይርሳው አዘራ።»
«ምክንያት» ብዬ ያሰመርሁት ረድፍ ላይ
እብቅ ተኝቶበታል።

እፍ አልሁት።
ከሥሩ ባዶ ነው።